ከተራ ማታ የተዘጋው ጎተራ፦ የሜጋአፕሎድ ጉዳይ ከጎንደር ሲታይ

ጥር 10 ቀን 2004 ዓ.ም. ከተራ ነበር። የጎንደር ታቦታት ከየደብራቸው ወጥተው በፋሲለደስ መዋኛ አርፈዋል፤ ካህናቱ በማኅሌት፣ ሕዝቡም በጧፍ ብርሃን ሌሊቱን ለማንጋት ተሰብስቧል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ በኒውዚላንድ ጎሕ ቀድዶ ነበርና፣ ከኦክላንድ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኘው ኮትስቪል ፖሊሶች በሄሊኮፕተር ታግዘው አንድ ሰፊ የመኖሪያ ግቢ ገቡ። ሊይዙት የሄዱት ሰው ኪም ዶትኮም የተባለ የጀርመን ተወላጅ ነጋዴ ነው። በዚያው ሰዓት ሜጋአፕሎድ የተባለው የፋይል መጋሪያ ድረ ገጹ ከኢንተርኔት ጠፋ፤ አድራሻውን የከፈተ ሰው ሁሉ ያገኘው የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴርንና የኤፍቢአይን ማኅተም የያዘ የመያዣ ማስታወቂያ ነበር።

ይህን ጉዳይ ከብዙዎቹ የድረ ገጽ መዘጋቶች መካከል መርጬ የምጽፈው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ከክሱ እስከ ፍርዱ ያለው ሂደት ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መዝገብ ላይ የሰፈረ በመሆኑ፣ አንድ ድረ ገጽ ሲዘጋ በውስጡ የነበረው የሰው ንብረት ምን እንደሚሆን ከዚህ የተሻለ ማሳያ ባለመኖሩ ነው። ሁለተኛው የራሴ ነው። በዚያን ጊዜ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ የሰርግና የበዓል ቪዲዮ ቀርጾ በሚያቀናብር ስቱዲዮ ውስጥ እሠራ ስለነበር፣ የዚህ መዘጋት ንፋስ እኛም ዘንድ ደርሷል።

ሜጋአፕሎድ እ.ኤ.አ. በ2005 የተቋቋመ፣ በሆንግ ኮንግ የተመዘገበ ድርጅት ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው፦ በኢሜይል ሊላክ የማይችል ትልቅ ፋይል ያለው ሰው በድረ ገጹ ላይ ይጭናል፤ ድረ ገጹ አንድ ሊንክ ይሰጠዋል፤ ሊንኩን የያዘ ሁሉ ፋይሉን ማውረድ ይችላል። ገቢው ከማስታወቂያና በፍጥነት ለማውረድ ከሚከፍሉ አባላት ይገኝ ነበር። ድርጅቱ ራሱ 150 ሚሊዮን የተመዘገቡ ተጠቃሚዎችና በቀን 50 ሚሊዮን ጎብኚዎች እንዳሉት፣ ከዓለም የኢንተርኔት እንቅስቃሴም 4 በመቶውን እንደሚይዝ ይናገር ነበር። በዚህ ሁሉ መካከል የተሰረቀ ፊልምና ሙዚቃ የሚያስተላልፉ እጅግ ብዙዎች ነበሩ፤ የራሱን የምረቃ ፎቶ፣ የራሱን የጥናት ጽሑፍ፣ የራሱን ቀረጻ ያስቀመጠም ብዙ ነበር።

የአሜሪካ የምሥራቅ ቨርጂኒያ የፌዴራል ግራንድ ጁሪ፣ ማለትም ክስ ይመሥረት አይመሥረት የሚወስነው የዜጎች ጉባኤ፣ ክሱን የመሠረተው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 5 ቀን 2012 ሲሆን፣ እስከ መያዣው ቀን ድረስ በምሥጢር ተይዞ ቆይቷል። የተከሰሱት ሰባት ሰዎችና ሁለት ድርጅቶች ናቸው። በተደራጀ ወንጀል መመሳጠር፣ የቅጂ መብት መጣስና ገንዘብ ማጠብ ከክሶቹ ዋና ዋናዎቹ ሲሆኑ፣ ዐቃቤ ሕግ በመብት ባለቤቶች ላይ ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጉዳት እንደደረሰ፣ ተከሳሾቹም ከ175 ሚሊዮን ዶላር በላይ ገቢ እንዳገኙ ገልጿል። 18 የድረ ገጽ ስሞች ተይዘዋል፤ 50 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚገመት ንብረትም ታግዷል።

ከክሱ ነጥቦች ውስጥ ቴክኒኩን ለሚያውቅ ሰው በጣም የሚያነጋግረው ስለ ተደጋጋሚ ፋይል የቀረበው ነው። ድርጅቱ አንድ ፋይል ሲጫን ከፋይሉ ይዘት ተሰልቶ የሚወጣ አጭር ቁጥር ይይዝ ነበር፤ ይህ ቁጥር እንደ ጣት አሻራ ነው፣ ፋይሉ በአንዲት ነጥብ ቢለወጥ ቁጥሩም ይለወጣል። አንድ ዓይነት ፊልም መቶ ሰው ቢጭን ድርጅቱ የሚያስቀምጠው አንድ ቅጂ ብቻ ነው፤ መቶው ሰው ግን የየራሱን ሊንክ ይወስዳል። የፊልሙ ባለቤት አንዱን ሊንክ አግኝቶ «ይህ የእኔ ነው፣ አንሡልኝ» ብሎ ሲያመለክት ድርጅቱ ያንን ሊንክ ይሰርዛል እንጂ ፋይሉን አይነካም፤ የቀሩት ዘጠና ዘጠኝ በሮች እንደተከፈቱ ይቆያሉ። ዐቃቤ ሕግ ይህን ሆን ተብሎ የተደረገ ማታለል ነው ሲል አቀረበው። ተከሳሾቹ እርስ በርሳቸው ከተጻጻፉት ውስጥ «እኛ የባሕር ወንበዴ አይደለንም፣ ለወንበዴዎች የማጓጓዣ አገልግሎት እንሰጣለን እንጂ» የሚል መልእክትም በክሱ ውስጥ ገብቷል (የባሕር ወንበዴ በእንግሊዝኛ የሰውን ሥራ ያለ ፈቃድ ለሚገለብጥም ይባላል)። እኔ ይህን ክፍል ሳነብ ለተከሳሾቹ የሚከራከር ነገር አላገኘሁም። ነገር ግን ከመቶዎቹ ሊንኮች ውስጥ አንዱ የፊልሙ ባለቤት ራሱ ለባልደረባው የላከው ሊሆን ይችላል፤ አሻራው ፋይሉ አንድ መሆኑን ይናገራል እንጂ ያስቀመጠው ሰው መብት ያለው ይሁን የሌለው አይናገርም። የመዝጊያው ትእዛዝ ሲወጣም ይኸው ልዩነት ነው ከግምት ሳይገባ የቀረው።

ከአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት የመጣው አቤቱታ ይህን በግልጽ አወጣው። አቤቱታ አቅራቢው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን የስፖርት ውድድር እየቀረጸ ለወላጆች የሚሸጥ ሰው ነበር፤ ሥራው ከእኛው ሥራ አይለይም። ቀረጻዎቹን በክፍያ ሜጋአፕሎድ ላይ አስቀምጦ ሳለ የቤቱ ሃርድ ዲስክ ተበላሸበት፤ ከቀናት በኋላ ደግሞ ድረ ገጹ ተዘጋ። ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የተባለው የዲጂታል መብቶች ድርጅት ጠበቃ ሆኖለት እ.ኤ.አ. በማርች 2012 ንብረቴ ይመለስልኝ ሲል ለፍርድ ቤቱ አመለከተ። በወንጀል የተጠረጠረ አልነበረም፤ የጠየቀውም የገዛ እጁን ሥራ ነው።

መልሱ ከባድ ነበር። ፋይሎቹ ቨርጂኒያ ውስጥ ካርፓቲያ በተባለ የሰርቨር፣ ማለትም ፋይል የሚቀመጥበት ኮምፒውተር፣ አከራይ ዘንድ በ1,103 ሰርቨሮች ላይ ተቀምጠዋል፤ መጠናቸው 25 ፔታባይት ነው። አንድ ፔታባይት አንድ ሺህ ቴራባይት ስለሆነ፣ ዛሬ በጎንደር ሱቆች በብዛት በሚሸጠው ባለ አንድ ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ቢቆጠር 25,000 ዲስክ ያስፈልገዋል። አከራዩ እነዚህን ለማቆየት በቀን 9,000 ዶላር ያወጣ እንደነበር ለፍርድ ቤቱ አስታውቋል። የሜጋአፕሎድ ገንዘብ ስለታገደ ኪራዩን የሚከፍል የለም፤ መንግሥትም ከታገደው ገንዘብ ላይ ለዚህ እንዲለቀቅ አልፈቀደም። ዐቃቤ ሕግ ለክሱ የሚያስፈልገውን ያህል ገልብጦ ሰርቨሮቹን ከለቀቀ በኋላ፣ ከዚህ በኋላ ባለው ነገር እኔ የለሁበትም፤ የጎደለበት ሰው አከራዩን ወይም ሜጋአፕሎድን በፍትሐ ብሔር ይክሰስ የሚል አቋም ያዘ። ባለጉዳዩ አንዱን መክሰስ ቢፈልግ ውል የለውም፤ ሌላውን ቢከስ ገንዘቡ በመንግሥት እጅ ታግዷል። ፋይሎቹ ሳይመለሱለት ዓመታት አለፉ።

በኔዘርላንድ የነበረው ክፍል የደረሰበት ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ሊዝዌብ የተባለው አከራይ 630 የሜጋአፕሎድ ሰርቨሮችን ከአንድ ዓመት በላይ ካቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2013 ጠርጎ ለሌላ ሥራ አዋላቸው። ድርጅቱ ያስረዳው፣ ለዓመት ያህል ማንም ሰርቨሮቹን እንዳልጠየቀ ነው። ይህን ማስረጃ እውነት ብዬ ልቀበለው እችላለሁ፤ ፋይሉን ከጎንደርም ሆነ ከሌላ ከተማ የጫነ ሰው ግን ፋይሉ ኔዘርላንድ ውስጥ በማን መደርደሪያ ላይ እንዳረፈ በምን ያውቃል? ያላወቀውን ሰው እንዴት ይጠይቃል?

የእኛው ጉዳይ በመጠን ከዚህ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ሆኖም እንዴት እንደሚደርስ ስለሚያሳይ ልናገረው። ጥር የሰርግ ወር ነው። በዚያ ዓመት ጥር 6 ቀን እሑድ አንድ ሰርግ ቀረጽን፤ የሙሽራዋ ወንድም ከውጭ አገር መምጣት ስላልቻለ፣ እናቱ ቀረጻው በሙሉ እንዲላክለት ጠየቁን። ለቤተሰቡ የምናስረክበው ዲቪዲ ተቆራርጦ የተቀናበረው ነው፤ ልጁ የፈለገው ግን ያልተቆረጠውን፣ በተለይም አያቱ ሙሽሮቹን ተቀምጠው የመረቁበትን ረጅም ክፍል ነበር። ቀረጻውን ከመቶ ሜጋባይት በማይበልጡ ቁርጥራጮች ከፋፍዬ፣ መስመሩ በሚፈጥንበት በምሽት፣ ኢንተርኔት ቤት እየሄድሁ ጫንሁት። አንዱን ቁራጭ ለመጫን ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅ ነበር፤ መሐል ላይ መብራት ከሄደ እንደገና ከዜሮ ይጀመራል። የተጠቀምሁበት ሜጋአፕሎድን ሳይሆን ስሙን የማልጠቅሰውን ሌላ ድረ ገጽ ነው። ሊንኮቹን በስቱዲዮው ደብተር ላይ በእጄ ጻፍሁ፣ ለልጁም በኢሜይል ላክሁ። ከዚያ የጥምቀት ቀረጻ ስለደረሰ ኮምፒውተሩ ላይ ቦታ ለማግኘት ያንን ፋይል አጠፋሁ። ካሴቱ ሚኒ ዲቪ ነበር፤ ውድ ስለሆነ ደጋግመን እንቀርጽበት ነበርና ጥር 13 ቀን እሑድ በሌላ ሰርግ ላይ ዋለ።

በዚያው ሳምንት በሜጋአፕሎድ ላይ የደረሰውን ያዩ ሌሎች የፋይል መጋሪያ ድረ ገጾች ተራ በተራ በራቸውን ዘጉ። ፋይልሶኒክ የተባለው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 22 ቀን መጋራትን ሙሉ በሙሉ አቆመ፤ ሌሎቹም የአሜሪካ ተጠቃሚዎችን ከለከሉ ወይም ፋይሎችን በብዛት ሰረዙ። ማንም ፍርድ ቤት አላዘዛቸውም፤ ፍርሃት ነው። ልጁ ከአሥራ አንዱ ቁርጥራጮች አራቱን አውርዶ ነበር፤ አምስተኛው ላይ ሊንኩ ሞተ። የአያቱ ምርቃት ከሰባተኛው ጀምሮ ነበር። እናቱ ወደ ስቱዲዮው መጥተው፣

«ልጄ፣ ያ የእማማ ምርቃት ለልጄ ደረሰለት ወይ?» አሉኝ።

«ልኬው ነበር እትዬ፤ ያስቀመጥሁበት ቤት ግን ተዘጋ» አልኋቸው።

«ቤቱ ቢዘጋ ዕቃው የት ይሄዳል?»

ይህን ጥያቄ ከዚያ ወዲህ በብዙ የሕግ ጽሑፍ ውስጥ ፈልጌዋለሁ። ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ቅጂ ሳላስቀር ማጥፋት አልነበረብኝም። ሆኖም ከድረ ገጹ ያስቀመጣችሁትን በዚህ ቀን ውስጥ አውጡ የሚል አንድ መስመር ቀድሞ ቢደርሰን ኖሮ ልጁ የቀሩትን ሰባት ክፍሎች በአንድ ሌሊት ባወረዳቸው ነበር።

መዘጋቱ በምን መሣሪያ እንደተፈጸመ መመልከትም ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ሰው ሁሉ «ዘጉት» የሚለው ቃል ብዙ የተለያዩ ድርጊቶችን ይሸፍናል። የሜጋአፕሎድ ድርጅት በሆንግ ኮንግ፣ ባለቤቱ በኒውዚላንድ፣ ተጠቃሚው በመላው ዓለም ቢሆንም፣ ነጥብ ኮም የሚል ስም ሁሉ የሚመዘገብበት ቬሪሳይን የተባለው ድርጅት ግን ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። ትእዛዙ ለዚህ መዝጋቢ ሲደርስ ስሙ ወደ ሌላ አድራሻ ዞረ፤ በዚህ ብቻ ድረ ገጹ ለጎንደርም ለበርሊንም በአንድ ቅጽበት ጠፋ። ይህ መንገድ ከዚያ በፊትም ተሞክሯል። ዳጃዝዋን የተባለ የሂፕ ሆፕ ሙዚቃ ብሎግ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2010 ስሙ ተይዞ ከአንድ ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ ምንም ክስ ሳይመሠረት ተመልሶለታል። ሮሃዲሬክታ የተባለው የስፔን ስፖርት ድረ ገጽ በአገሩ ፍርድ ቤቶች ሕጋዊ ነው ተብሎ ሳለ እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ ስሙ ተወሰደ፤ የተመለሰለት በኦገስት 2012 ነው። የድረ ገጽ ስም ለዓመት ያህል ተይዞ ከቆየ በኋላ ቢመለስም አንባቢው አብሮ አይመለስም።

በኢትዮጵያ የምናውቀው መዝጋት በሌላ መንገድ የሚሠራ ነው። ድረ ገጹ ባለበት ይኖራል፤ መስመሩ ላይ ያለው ቴሌ እንዳያልፍ ያደርገዋል። በሰኔ 2010 ዓ.ም. መንግሥት 264 ድረ ገጾችና ብሎጎች መከፈታቸውን ሲያስታውቅ፣ እነዚያ ገጾች በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ከአገር ውጭ ላለ አንባቢ ክፍት ነበሩ። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ለአምስት ወር ያህል በተገደቡ ጊዜም ይዘቱ አልጠፋም። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በጠቅላላው ሲቋረጥ ግን ጎንደር ከዚህ ሁሉ የሰፋውን ዓይነት አየች፦ አንድ ድረ ገጽ ወይም አንድ መተግበሪያ ሳይሆን መንገዱ ራሱ ለብዙ ወራት ተዘጋ። ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ ምዝገባውን፣ ነጋዴ ክፍያውን፣ ከቤተሰቡ የራቀ ሰው የቤተሰቡን ደኅንነት ማወቂያውን አጣ።

ሁለቱን ሳነጻጽር የደረስሁበት ነገር፣ የመዝጋት ስፋትና የመዝጋት ጉዳት አንድ አለመሆናቸው ነው። መስመር ሲቋረጥ ጉዳቱ ከተማን በሙሉ ይነካል፤ የተቀመጠው ፋይል ግን መስመሩ በተመለሰ ቀን ባለበት ይገኛል። ሜጋአፕሎድ ሲዘጋ የጎንደር መስመር እንደ ወትሮው ነበር፤ የተቀመጠው ግን ለባለቤቱ ሳይመለስ ቀረ። በመጀመሪያው ሰው ንብረቱ ጋር መድረስ ይከለከላል፤ በሁለተኛው ንብረቱን ያጣል። ሁለቱም ውስጥ ያየሁት አንድ ዓይነት ጉድለት አለ፣ እርሱም ትእዛዙን የሚጽፈው ወገን አጥፊ የሚለውን ብቻ እያየ ሌላውን ሰው በቁጥር አለማስገባቱ ነው።

የቅጂ መብት ባለቤቶችን ሥቃይ አቅልዬ የማየው አይደለሁም። ሠርተን ያስረከብነው የሰርግ ዜማ በማግስቱ በየሞባይል ቤቱ በፍላሽ ሲጫን አይቻለሁ፤ ዘፋኙ ያንን ዓመት ምን እንደበላም አውቃለሁ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣው ለዚህ ነው፣ መከበርም አለበት። በሜጋአፕሎድ ጉዳይም ከተከሳሾቹ መካከል ሁለቱ፣ ማቲያስ ኦርትማንና ብራም ቫን ደር ኮልክ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በኒውዚላንድ ጥፋተኝነታቸውን አምነው በ2023 የሁለት ዓመት ተኩል ገደማ እስራት ተፈርዶባቸዋል። ይህ ለእኔ የክሱ መሠረት ባዶ እንዳልነበረ ያሳያል።

የኒውዚላንዱ የፍርድ ሂደት ረጅም ስለሆነ በአጭሩ ልለፈው። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በጁን 2012 የብርበራ ማዘዣዎቹ እጅግ ሰፊ ስለሆኑ ሕገ ወጥ ናቸው አለ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ይህን ሽሮ ማዘዣዎቹን አጸና፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በዚያው ዓመት በዚሁ ተስማማ። የአገሪቱ የስለላ ድርጅት በነዋሪው በዶትኮም ላይ ያደረገው ክትትል ከሕግ ውጭ እንደነበረ ሲታወቅ ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ኪ በሴፕቴምበር 2012 ይቅርታ ጠየቁ። ዶትኮም ለአሜሪካ ተላልፎ ይሰጥ ወይስ አይሰጥ የሚለው ክርክር ከአንዱ ፍርድ ቤት ወደ ሌላው ሲመላለስ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀ፤ የፍትሕ ሚኒስትሩ የማስተላለፊያ ትእዛዙን የፈረሙት በኦገስት 2024 ነው። ለአንድ ሰው መብት ይህን ያህል ጊዜ መሰጠቱ የሚያስመሰግን ነው፤ ፋይላቸውን ያስቀመጡ ሰዎች ግን ከእነዚህ ችሎቶች በአንዱም ተጠርተው አልተሰሙም።

ዶትኮም ራሱ መዘጋቱ ዓመት በሞላበት ዕለት ሜጋ የተባለ ሌላ ድረ ገጽ ከፈተ። ይህኛው ፋይሉ ከተጠቃሚው ኮምፒውተር ሳይወጣ እንዲመሰጠር የሚያደርግ ነው፤ ድርጅቱ የተቀመጠውን ማየት ስለማይችል አላየሁም ለማለት ይመቸዋል። ይህ የድርጅቱን ችግር ሊያቀልል ይችላል። ሰርቨሩ ቢያዝ የተጠቃሚው ፋይል አብሮ መያዙን ግን አያስቀርም፤ ቁልፉ በእጅ ቢሆንም ሣጥኑ በሌላ ሰው ቤት ነው።

እኛም በአገራችን የፋይል ማስቀመጫ አገልግሎቶች እየበዙ ሲሄዱና ፍርድ ቤቶቻችን እንዲህ ያለ ትእዛዝ እንዲሰጡ መጠየቃቸው ሲጨምር፣ ከሜጋአፕሎድ መዝገብ የሚወሰደው ነገር ግልጽ ነው ብዬ አምናለሁ። የማንኛውም የመዝጊያ ትእዛዝ ጽሑፍ አዲስ መጫንንና ለሌላ ማጋራትን በዚያው ሰዓት ሊያቆም ይችላል፤ ያስቀመጠው ሰው የራሱን ፋይል ለራሱ የሚያወርድበት ቢያንስ የሠላሳ ቀን ጊዜ ግን በትእዛዙ ውስጥ ሊጻፍ ይገባል። ከታገደው ገንዘብ ላይ የሰርቨሩ ኪራይ ለዚያ ጊዜ እንዲከፈል ማዘዝም የዳኛው እንጂ የዕድል ጉዳይ መሆን የለበትም። ቴክኒኩ አያስቸግርም፤ ሜጋአፕሎድ ማን ምን እንደጫነ የሚያሳይ የአባላት መዝገብ ነበረው፣ ዐቃቤ ሕግም ያንኑ መዝገብ ለክሱ ተጠቅሞበታል።

በስቱዲዮአችን ከ2005 ዓ.ም. ጥር ጀምሮ ደንበኛው ራሱ ደውሎ ወይም መጥቶ «ሙሉው ደርሶኛል» ሳይል ካሴትም ሆነ ሜሞሪ ካርድ በላዩ አይቀረጽበትም። ለዚህ ተጨማሪ ካሴት መግዛት ስላስፈለገ በዋጋው ላይ ጥቂት ጨምረናል፤ ምክንያቱን ለጠየቀ ደንበኛ ሁሉ የዚያን ዓመት ደብተር ከፍቼ አሥራ አንዱን ሊንኮች አሳየዋለሁ።